ሌሊት የምፈታው የእትዬ ሐብል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ከአምስት የሰፈሬ ሴቶች ጋር የነሐስ ዶቃ እየሰካን የአንገት ሐብል እንሠራለን። ዶቃውን የምንገዛው የጥይት ቀለህና አሮጌ ነሐስ እያቀለጠ ከሚሠራ ባለሙያ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸው 62 ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየሸጡ ነው፤ ሸክሙን የተዉት ይህን ሥራ ከያዙ ወዲህ ነው። ባለቤቴ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ከነልጄ ሦስት ወር ያስጠጉኝም እሳቸው ናቸው።

ጀርመን አገር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት 80 ሐብል አዛን ነበር። 11ዱ ደንበኞቿ አንገት ላይ ተበጠሰ። የ11ዱን ዋጋ ቀንሳ ከፈለችን። አሁን ደግሞ 250 በስምንት ሳምንት አዛለች፤ ካለፈው ሳምንት ጀምረነዋል። «አሁንም ከተበጠሰ በዚሁ ይብቃን» ብላለች። የእትዬ ዓይን እየደከመ ነው። ካለፈው ትእዛዝ አጋማሽ ጀምሮ እሳቸው የጨረሱትን ማታ ልጄ ስትተኛ ፈትቼ እንደገና እሰካዋለሁ። እሳቸው አያውቁም። አንደኛዋ ጓደኛችን ግን ነቅታብኛለች መሰለኝ፣ «ለሁሉም እኩል ነው የሚከፈለው አይደል?» ማለት ጀምራለች።

አንዱን ሐብል በ650 ብር እንሸጣለን። ዶቃው 240፣ ክርና መቆለፊያው 110፣ ለሠሪዋ 150፣ ማሸጊያና ትራንስፖርት 40 ብር ይወስዳል። ክራችን ብዙውን ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው።

ሌላም አለ። ገዢዋ ከሐብሉ ጋር ለሚንጠለጠለው ካርድ እትዬ እንጨት ተሸክመው የተነሡትን ፎቶ ላኪልኝ ብላኛለች። «ሰው ታሪክ ሲያይ ይገዛል» ትላለች። እትዬን መጠየቅ አሳፈረኝ። ብነግራቸው ቅስማቸው ይሰበራል፣ ዝም ብል ትእዛዙን እናጣለን። ምን ላድርግ?

መልስ

እህታችን፣ እትዬን ምን ያህል እንደምትወጃቸው ደብዳቤሽ ሳይናገር ያስታውቃል። አንድ ነገር ግን ፈልገን አጣንበት። የተበጠሱት 11 ሐብሎች የእትዬ መሆናቸውን በምን አወቅሽ? ዓይናቸው ደክሟል፣ ሐብል ተበጥሷል፤ ሁለቱን አንድ ክር ላይ ሰካሻቸው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ስድስት ሆናችሁ 80 ሐብል እኩል ተካፍላችሁ ከሆነ የእትዬ ድርሻ 13 ወይም 14 ነው፤ እጃቸው ቀርፋፋ ከሆነም ከዚያ ያንሳል። ከአጋማሹ ጀምሮ የእሳቸውን እየፈታሽ ራስሽ ሰክተሻል። ስለዚህ በእትዬ እጅ አልቆ ጀርመን የገባው ሰባት ቢሆን ነው። ሰባቱም አንድ ሳይቀር ተበጥሰዋል ብንል እንኳ ቢያንስ አራቱ የሌላ ሰው ሥራ ናቸው። ከአራቱ ውስጥ፣ አትቀየሚን፣ ሌሊት በአምፖል ብርሃን በደከመ ዓይን የተሰካ የአንቺ ሥራም ሊኖር ይችላል።

ይህን የምንልሽ ጥፋቱን ወዳንቺ ለማዞር አይደለም። እስካሁን ስትጨነቂበት የከረምሽው «እትዬን እንዴት ልንገራቸው» በሚለው ነው። ምን እንደምትነግሪያቸው ግን ገና አታውቂም። እሱን ደግሞ የተበጠሰው ሐብል ራሱ ይነግርሻል።

ዛሬውኑ ለገዢዋ መልእክት ላኪላት። ከተበጠሱት ውስጥ የቀራት ካለ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ የተበጠሰበትን ቦታ ቀረብ አድርጋ ፎቶ ታንሳልሽ፤ ሁለቱንም ጫፍ፣ መቆለፊያውንም ጭምር። ክሩ መሃል ላይ ከሆነ የተበጠሰው፣ ጫፉም ተላልጦ ወይም እንደ መጥረጊያ ተበትኖ ካየሽው፣ ዶቃው ቆርጦታል ማለት ነው፤ የሠሪዋ እጅ የለበትም። ቋጠሮው ተፈትቶ ጫፉ ለስላሳና ሙሉ ሆኖ ከወጣ ናይለኑ ተንሸራቷል። ክሩ ደህና ሆኖ መቆለፊያውን የያዘችው ትንሿ ቀለበት አፏን ከከፈተች ጥፋቱ የፒንሳ አያያዝ ነው። ልክ መቆለፊያው ሥር ከተቆረጠ ደግሞ ሐብሉ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሯል። አራቱም የተለያየ መድኃኒት አላቸው፤ የዓይን ጉዳይ ሊሆኑ የሚችሉትም ምናልባት ሁለተኛውና ሦስተኛው ብቻ ናቸው።

እኛ ሳናየው ገምቱ ብትይን የመጀመሪያውን እንጠረጥራለን። ቀልጦ የሚሠራ የነሐስ ዶቃ ሲበሳ ወይም ሲቆረጥ የቀዳዳው አፍ ላይ በዓይን የማይታይ ስለት ይቀራል። አንድ ሐብል 6 ሚሊ ሜትር የሆነ 70 ያህል ዶቃ ቢይዝ ክብደቱ 50 ግራም ገደማ ነው። ሴትየዋ በተራመደች ቁጥር ይህ ሁሉ ክብደት ክሩን በ140 ትንንሽ ስለቶች ላይ ይፈገፍገዋል። ቤት ውስጥ ስትጎትቱት የማይበጠሰው፣ ጀርመን ከተለበሰ በኋላ የሚበጠሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ናይለን ደግሞ ለዚህ ክብደት አልተሠራም። ይለጠጣል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ስለት ሲነካው ቶሎ ይላላጣል። ዓይኑ እንደ ንስር የሆነ ሰው ቢሰካውም ያው ነው።

የዶቃውን አፍ ማለስለስ ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቀዳዳው ትንሽ የሚወፍር የትራፓኖ ፑንታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙ፤ ዶቃውን አፉ ላይ አስቀምጣችሁ ሁለት ሦስቴ ማዞር፣ ገልብጣችሁ በሌላው አፍ መድገም። ትራፓኖው አያስፈልግም፤ በማሽን ከተሠራ አፉን አስፍቶ ያበላሸዋል። ውስጡ ሻካራ ከሆነ ቀጭን ክብ ሞረድ አንድ ጊዜ ማስገባትና ማውጣት ነው። ማለስለሱን የምታረጋግጡበትን ነገር ደግሞ ሽሮ ሜዳ ላይ ሆነሽ አታጪውም፦ ማግ። በእጅ የተፈተለ ለስላሳ ማግ በዶቃው ቀዳዳ አሳልፋችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ስለት ከቀረ የጥጡን ጭረት ይይዛል፤ እጅ ላይ ይታወቃል። ካልያዘ አልቋል። ልብ በይ፣ ይህ ሥራ ከዓይን ይልቅ ጣት ይፈልጋል።

ለናይለኑ ምትክ የሚሆነው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ የብረት ክር ነው፤ ለዚህ ክብደት ውፍረቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ7 ሽቦ የተገመደው ርካሽ ነው፣ ግን ግትር ስለሆነ ይታጠፋል፤ ከ49 የተገመደው እንደ ክር ይለሰልሳል፣ ይወደዳል፤ ከ19 የተገመደው ይበቃችኋል። ለ45 ሳንቲ ሜትር ሐብል 60 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ለ250ው 150 ሜትር፣ ለብክነት 15 ሜትር ጨምራችሁ 165 ነው። ይህ ክር አይቋጠርም፤ 2 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላት ትንሽ የብረት ቱቦ ተቆንጥጦ ነው የሚታሰረው። ለአንድ ሐብል ሁለት ስለሚያስፈልግ 500፣ እያበላሻችሁ የምትለምዱበት ሲጨመር 575 ያህል ግዙ። መርካቶ ካጣሽው ገዢዋ ከዚያው ገዝታ ከቱቦ መጨመቂያው ፒንሳ ጋር በመንገደኛ ትላክልሽ፤ ሁሉም አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

አሠራሩ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። ክሩ በቱቦዋ አልፎ የመቆለፊያውን ቀለበት ዞሮ ተመልሶ በዚያችው ቱቦ ሲወጣ፣ ሁለቱ ክሮች ውስጥ ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው። ከተጠላለፉ ሲጨመቁ አንዱ ሌላውን ይቆርጠዋል። መጨመቂያው ፒንሳ ሁለት ጥርስ አለው፤ በውስጠኛው መጀመሪያ መሃሏን ታሰረጉዳላችሁ፣ ሁለቱ ክሮች በየራሳቸው ቦይ ይቀራሉ፤ ከዚያ በውጭኛው ታጥፏታላችሁ። በተራ ፒንሳ ደፍጥጦ ማለፍ ቱቦዋን ይሰነጥቃል፣ የተሰነጠቀው ጠርዝም ክሩን ይበላዋል። የተረፈውን ጫፍ ቱቦዋ ሥር አትቁረጡት፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀጣዮቹ ዶቃዎች ውስጥ መልሳችሁ ደብቁት። ሌላው ስህተት ማጥበቅ ነው። ሐብሉ ሲያልቅ በዶቃዎቹ መካከል በጠቅላላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ልልነት መቅረት አለበት፣ አለዚያ አንገት ላይ ሲታጠፍ ክሩ ቱቦዋ ጋ ይሰበራል። ትንሿን ቀለበት ደግሞ በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ክፈቷት፤ ወደ ጎን ከተለጠጠች ክብነቷ ይጠፋል፣ ዳግመኛም አትገጥምም።

ሲያልቅ ከየአሥሩ አንዱን ፈትኑ። ሐብሉን ሚስማር ላይ አንጠልጥላችሁ ውኃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጫፉ ላይ እሰሩና አንድ ደቂቃ ተዉት። ከተበጠሰ ወይም ከተንሸራተተ የዚያችን ሠሪ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ መፈተሽ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ሐብል ከሠሪዋ ስም ጋር በትንሽ ወረቀት ይመዝገብ፤ የአንቺም ጭምር። ያኔ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ።

ለእትዬ ብለሽ ነው የምትፈቺው፤ ይገባናል። ግን ሦስት ወር ያስጠጉሽን ሴት ሳያውቁ የእጃቸውን ሥራ ማፍረስ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግራቸው ምን እንደሚመስላቸው አስበሽ ታውቂያለሽ? ያቺ ጓደኛችሁ አንድ ቀን በንዴት ልትናገረው ትችላለች። ያኔ የሚያማቸው ሐብሉ አይሆንም፤ «ልጄ ያልኳት ስታዝንልኝ ኖራለች» የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ከአንቺ አፍ ይስሙት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አንቺ ግን ሃምሳውንም ብቻሽን ይዘሽ ሌሊት ትሄጃለሽ።

ቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት አታንሺው። ጠዋት ቤታቸው ብቻሽን ሂጂ። የተበጠሰውን ፎቶና እሳቸው የሠሩትን አንድ ሐብል ያዢ። «እትዬ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህ ለምን ይበጠሳል ይላሉ?» ብለሽ ጀምሪ። ለማባበል አይደለም፤ ከስድስታችሁ ዶቃ ለረጅም ጊዜ የነኩት እሳቸው ስለሆኑ እውነትም መልስ ሊኖራቸው ይችላል። ከዚያ ሌሊት የምትሠሪውን ንገሪያቸው፤ ከነምክንያቱ፣ «ፈርቼ ነው» ብለሽ። ቢቆጡ ቁጣቸውን ስሚው። ዝም ቢሉ በማግስቱ ተመለሺ እንጂ በዚያው ቀን ውሳኔ አትጠይቂያቸው።

ስለ ዓይናቸውም ጠይቂያቸው። በ62 ዓመት ቅርብ ነገር መደብዘዙ የማንም ዕጣ ነው፤ ሥራውን ያስተዋቸዋል ብለሽ የፈራሽው ነገር በአንድ ማንበቢያ መነጽር ሊስተካከል ይችላል። 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ለሚሠራ ሰው በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ፕላስ 2 ከግማሽ ገደማ ይሆነዋል። መነጽሩን ከመንገድ ከመግዛት በፊት ግን ይመርመሩ። የዓይን ሞራ ከሆነ መነጽር አያድነውም፣ ቀዶ ሕክምና ግን ያድነዋል፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም ከሆነ ደግሞ የጠፋው ብርሃን ስለማይመለስ በጊዜ መያዝ አለበት። ለእናንተ ሰፈር ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍሉ ቅርብ ነው። አብረሻቸው ሂጂ። እስከዚያው ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ መሥራት ብቻውን ብዙ ይለውጣል፤ ባለቀለም ምንጣፍ ላይ የወደቀች የነሐስ ቱቦ የማንም ዓይን አያገኛትም።

ምርመራው መስካት ይከብዳቸዋል ካለስ? ያኔ ያ ማግ ይመጣል። ዶቃ ማለስለስ እስከዛሬ የሌለ፣ አሁን የግድ የሚያስፈልጋችሁ ሥራ ነው። ለአንድ ሐብል 140 አፍ አለ፤ ለአንዱ 8 ወይም 9 ሰከንድ ብትይዢ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ለ250ው ወደ 83 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰው ይበዛል፣ ለሁለት ይበቃል። መስካቱ 40 ደቂቃ ወስዶ 150 ብር ከተከፈለበት የ20 ደቂቃው ማለስለስ 75 ብር ይገባዋል። ልብ አድርጊ፣ ይህን እንደ ጡረታ ቦታ አድርገሽ ካቀረብሽው እትዬም ይነቁበታል፣ ሌሎቹም ይነቁበታል። ስለዚህ ሁለተኛዋ ሰው ደህና ዓይን ያላት ትሁን። ያቺ የምታጉረመርመውን ብትጠይቂያትስ? ምናልባት እሷን ያናደዳት የእትዬ ክፍያ ሳይሆን ደንብ አለመኖሩ ይሆናል። ደንቡን ስድስታችሁም ባላችሁበት ተነጋገሩት፦ ጥፋቱ የክሩ ወይም የዶቃው ከሆነ ከጋራው ገንዘብ ይከፈል፤ የአሠራር ከሆነ ሠሪዋ ያለ ክፍያ ትድገመው። ካንቺ ይጀምር።

ሂሳቡንም ሳናነሣው አናልፍም፣ ምክንያቱም ሌሊት የሚያስነሣሽ ግማሹ እሱ ነው። ከ650 ብሩ 540 ወጪ ሲሆን የሚተርፈው 110 ነው። በ80 ሐብል 8,800 ብር። የ11ዱ ዋጋ 7,150 ሲቀነስ የቀረሽ 1,650 ብር ብቻ ነው፤ የሌሊቱ ሥራሽ አልተቆጠረም። ማለስለሻ 75፣ ለፍተሻ 25 ብትጨምሪ ወጪው 640 ይሆናል፤ ያው 110 እንዲተርፍ ዋጋው 750 መሆን አለበት፣ ክሩ ላይ የሚጨመረው ሳይታሰብ። ለገዢዋ በግልጽ ንገሪያት። እሷም ከሰባት ደንበኛ አንዱን አስቀይማለች፤ 100 ብር ጨምራ የማይበጠስ ሐብል ማግኘቱ ይጠቅማታል። እምቢ ካለች 250ውን ከመቀበል በአዲሱ ዋጋ 150 ቢሆን ይሻላል። ቀብድም ጠይቂ። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አባሎች የሚመሩበት ደንብ፣ የእጅ ጥበብ ሠሪዎች ሲጠይቁ ገዢ ቢያንስ ግማሹን ያለ ወለድ አስቀድሞ እንዲከፍል ይላል፤ ስለዚህ 50 በመቶ ማለትሽ ድፍረት አይደለም። በቀብዱ ክርና መቆለፊያውን አንድ ጊዜ ገዝተሽ ጨርሺ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በትእዛዙ መሃል ሊያልፍሽ እንደሚችል ራስሽ አይተሻል። ስምንት ሳምንቱ ደግሞ ያስፈራሽውን ያህል አያጥርም። 250 ሐብል መስካት 167 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለአራት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዷ 42 ሰዓት። ሁለቱን ሳምንት ለናሙናና ለማለስለስ ብትተዉት እንኳ በቀረው ጊዜ በቀን ከሁለት ሰዓት አያልፍም።

አንድ ያልጠየቅሽን ነገር አለ፣ ግን ከመበጠሱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ያ ባለሙያ ከቀለህ ሌላ ምን እያቀለጠ ነው? የቀለህ ነሐስ በራሱ መዳብና ዚንክ ነው፤ ሆኖም ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ የእርሳስ ቅሪት ልትይዝ ትችላለች። አሮጌ የቧንቧ ራስ ከጨመረበት ነገሩ ይከፋል፤ ለቧንቧ የሚሠራ ነሐስ ለመቁረጥ እንዲመች ከ2 እስከ 3 በመቶ እርሳስ የሚደረግበት ብዙ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም የጌጥ ክፍል ከክብደቱ 0.05 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ ካለው አይሸጥም። በኪሎ ነሐስ ግማሽ ግራም ማለት ነው፤ የቧንቧው ከ20 እስከ 30 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ባለሙያው ለእናንተ ለብቻው እንዲያቀልጥ ተስማሚ፣ ከየቅልጡ አሥር አሥር ዶቃ ለገዢዋ ላኪና እዚያ ዕቃውን ሳይሰብር በሚለካ የኤክስሬይ መሣሪያ ታስመርምረው። ኃላፊነቱ በሕግ የእሷም ስለሆነ እምቢ አትልም። መቆለፊያ ስትገዢም ኒኬል የሌለበትን በይ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ እዚያም ገደብ አለው። ለእናንተ ለራሳችሁ ደግሞ፦ ማለስለሱ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይሁን፣ ብናኙን አታራግፉት፣ እፍ አትበሉት፣ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። የእትዬ የልጅ ልጆችና ልጅሽ እዚያ አጠገብ አይጫወቱ።

ፎቶው ቀረ። «እትዬን መጠየቅ አሳፈረኝ» ያልሽው ትክክለኛ ስሜት ይመስለናል። ግን ውሳኔው የአንቺም የገዢዋም አይደለም። እትዬ በሸክሙ አያፍሩ ይሆናል፤ ልጅ አሳድገውበታል። ወይም ደግሞ ትተውት የወጡትን ነገር የማያውቃቸው ሰው አንገት ላይ ማየት አይፈልጉ ይሆናል። ስለ ሐብሉ በተነጋገራችሁበት ቀን ሳይሆን በሌላ ቀን ጠይቂያቸው፤ አለዚያ ጥፋት የሚክሱ መስሏቸው እሺ ይላሉ። ካርዱ የት እንደሚሄድ፣ ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣ፣ አንዴ ከታተመ ደግሞ እንደማይመለስ ንገሪያቸው። እምቢ ማለት ክፍያቸውን እንደማይነካም በግልጽ በያቸው። ለገዢዋ ግን ሌላ ነገር ልታቀርቢላት ትችያለሽ፦ ዶቃ በጣታቸው የሚፈትን እጅ ፎቶ። ካርዱ ጀርባ ላይም ደንበኛዋ በእርግጥ የሚያስፈልጋት ይጻፍበት፤ ነሐስ በላብ ይጠቁራል፣ ገላ ሲታጠቡ ይወለቅ፣ ሲደበዝዝ በሎሚና በጨው ታሽቶ ይለቅለቅ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይታበስ።

እትዬ የተበጠሰውን ሐብል ፎቶ አይተው ያሉሽን ብትጽፊልን ደስ ይለናል። ዛሬ ማታ ግን የእሳቸውን ሥራ አትፍቺው። እንደሠሩት ይደር፤ ነገ ጠዋት ይዘሽ የምትሄጂው እሱን ነው።